የእናቴ ዐይንና ሦስቱ ደረሰኞች

(ከጤና መረጃ ዲፓርትመንት የደረጃ 4 ተማሪ)

የቡለቲናችን አዘጋጆች «ከአፓረንትሺፕ ያገኘኸውን ትምህርት ጻፍልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ መዝገብ ክፍል አደረጃጀት ለመጻፍ ነበር። ጀምሬውም ነበር። ሁለት ገጽ ያህል ከሄድኩ በኋላ ግን ራሴን ታዘብኩት። ከዚያ ልምምድ እውነት የተማርኩት ነገር ሌላ ሆኖ ሳለ ስለ መደርደሪያ እጽፋለሁ። እናም ቀደድኩትና ስለ እናቴ ዐይን ልጽፍ ተነሣሁ። ርዕሱ የቤተሰብ ወሬ ይምሰል እንጂ ነገሩ የኛው ሙያ ነው፤ ኮዲንግና ቢሊንግ። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

በርበሬ በረንዳን የማያውቅ ተማሪ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ካለም አፍንጫው ያስተዋውቀዋል። መርካቶ ገብታችሁ ወደዚያ ስትታጠፉ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሳል ነው። በግራና በቀኝ ዛላ በርበሬ በጆንያ ተከምሯል፤ የማረቆ፣ የአላባ፣ የቡሬ እየተባለ በአገሩ ይጠራል። ነጋዴው ዛላውን ዘግኖ እያንኮሻኮሸ ድርቀቱን በድምፁ ይለያል። ተሸካሚው ጆንያ ተጭኖ «ዞር በል! ዞር በይ!» እያለ ይተላለፋል። እንግዳ ሰው ያስነጥሳል፣ ያነባል፣ ይሮጣል። ጥግ ጥጉን ደግሞ አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ የሸፈኑ ሴቶች ተቀምጠው በርበሬ ይቀነጥሳሉ። አይሳሉም፣ አያስነጥሱም፤ ለምደውታል።

እናቴ ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ናት። ቡሬ አካባቢ ተወልዳ በ1985 ዓ.ም አዲስ አበባ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ሥራዋ በርበሬ ነው። እኔንም ለዚህ ያበቃችኝ ያው በርበሬ ነው። እጇን ሳሙና አያስለቅቀውም፤ ልጅ ሳለሁ ፊቴን በዳበሰችኝ ቁጥር ያቃጥለኝ ነበር።

ቀኝ ዐይኗ ትዝ ከሚለኝ ጊዜ ጀምሮ ያነባል። በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ታደርገዋለች፤ ተመልሶ ይሞላል። «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ስላት መልሷ አንድ ነበር።

«በርበሬ ነው።»

ጎረቤትም ሲያያት «በርበሬ ነው» ይላል። የሰፈሩ መድኃኒት ቤትም «በርበሬ ነው» ብሎ የቴትራሳይክሊን ቅባት ይሰጣታል። ማን ይጠራጠራል? ቀኑን ሙሉ በርበሬ ውስጥ የምትውል ሴት ዐይኗ ቢያለቅስ ምን ይገርማል? እሳት ዳር ተቀምጦ ሞቀኝ እንደማለት ነው።

ከማተቧ ጋር አንዲት ወረንጦ ታንጠለጥላለች። ማታ ከሥራ ስትመለስ አምፖሉ ሥር ትቀመጥና ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አስደግፋ «እስቲ እየኝ፣ የገባች ፀጉር አለች፤ እየወጋችኝ ነው» ትለኛለች። እኔም የዐይኗን ቆብ በአውራ ጣቴ ወደ ላይ ሳብ አድርጌ ፀጉሯን ፈልጌ እነቅላለሁ። አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ አራት። «እሰይ፣ ተገላገልኩ!» ብላ ትመርቀኛለች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ያው ነው፤ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል።

እኔ ኮሌጅ ገብቼ ማታ ማታ መምሸት ስጀምር የሚነቅልላት ጠፋ። ስለዚህ ሲብስባት በአቅራቢያዋ ካገኘችው ክሊኒክ ጎራ እያለች ታስነቅል ጀመር። ሦስቱ ደረሰኞች የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። እናቴ ማንበብ ባትችልም ወረቀት አትጥልም፤ ደረሰኝ ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል።

አንድ ቀን ኮዲንግ የሚያስተምረን መምህር የቤት ሥራ ሰጠን። «ከቤታችሁ የሕክምና ደረሰኝ ፈልጋችሁ አምጡ፤ የታካሚውን ስም ሸፍኑና የተሠራውን ሥራ ወደ ኮድ ቀይሩ» አለን። ቆርቆሮውን ከፍቼ ሦስት አገኘሁ። ሦስት ክሊኒኮች፣ አንድ ሴት፣ አንድ ዐይን፣ አንድ ዓይነት ሥራ፤ ይኸውም በወረንጦ ጥቂት ፀጉር መንቀል። ደረሰኞቹ የሚሉት ግን እንዲህ ነበር። የመጀመሪያው «ፕሮሲጀር» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ሁለተኛው «ማይነር ኦፕሬሽን» ይላል፤ ዋጋው የመጀመሪያውን እጥፍ ነው። ሦስተኛው «ፎሪን ቦዲ ማውጣት» ይላል፤ ዋጋው ከሁለቱ ድምር ይበልጣል።

ለእናቴ ፎሪን ቦዲ ማለት በዐይን ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር እንደሆነ ብነግራት ሳቀች። «የገዛ ፀጉሬ ነው እንዴ ባዕድ የሆነብኝ?» አለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በኋላ ሳስበው ግን ከሦስቱ ክሊኒኮች ይልቅ እሷ ትክክለኛ ኮደር ነበረች።

ክፍል ውስጥ ደረሰኞቹን ሳቀርብ ጭቅጭቅ ተነሣ። አንዱ «ማይነር ኦፕሬሽን ልክ ነው፣ ዐይን ነዋ!» አለ። ሌላዋ «ምላጭ ሳይነካ ምን ኦፕሬሽን አለ?» አለች። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ «በነቀሉት ፀጉር ልክ ነው መከፈል ያለበት፤ በቁጥር!» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። መምህሩ ዝም ብሎ ካዳመጠን በኋላ ሰሌዳው ላይ አራት ጥያቄ ጻፈ፦ ምን ተሠራ? በምን ተሠራ? የት ላይ ተሠራ? ለምን ተሠራ?

ቀጥሎም ለማነጻጸሪያ እንዲሆነን የአሜሪካኖቹን የሕክምና ሥራ መለያ ቁጥር አሳየን። ሲፒቲ ይባላል፤ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን እያንዳንዱ ሥራ ባለ 5 አኃዝ ቁጥር አለው። የተቀለበሰ የዐይን ፀጉርን በወረንጦ ብቻ መንቀል 67820 ነው። ያንኑ ፀጉር ሥሩን በኤሌክትሪክ በማቃጠል ወይም በማቀዝቀዝ ማስወገድ 67825 ይሆናል። አያችሁ፣ «በምን?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ቁጥሩን ቀየረው። ስንት ፀጉር እንደተነቀለ ግን አይጠይቅም፤ አንድም ይሁን ስድስት ቁጥሩ ያው ነው። የኋላ ወንበሩ ልጅ ተሸነፈ ማለት ነው።

ከጥቁሩ የዐይን ክፍል ላይ፣ ማለትም ከኮርኒያ ላይ፣ ባዕድ ነገር ማውጣት ደግሞ በስሊት ላምፕ እያዩ ከሆነ 65222፣ ያለ ስሊት ላምፕ ከሆነ 65220 ነው። በዐይን ቆብ ውስጥ የሚቋጠረውን ቻላዚዮን የሚባል እባጭ ማውጣትም እንዲሁ የራሱ ቆጠራ አለው፤ አንድ ከሆነ 67800፣ በአንድ ቆብ ላይ ከአንድ በላይ ከሆነ 67801፣ በተለያዩ ቆቦች ላይ ከሆነ 67805። «የት ላይ?» ለሚለው ደግሞ ከቁጥሩ ጎን የሚለጠፍ ምልክት አለ፦ ኢ1 የግራ ላይኛው ቆብ፣ ኢ2 የግራ ታችኛው፣ ኢ3 የቀኝ ላይኛው፣ ኢ4 የቀኝ ታችኛው። የእናቴ ሥራ በዚህ አሠራር ቢጻፍ 67820፣ ኢ3 ይሆን ነበር። በቃ። «ፕሮሲጀር» ከሚለው ቃል ጋር አስተያዩት።

ያኔ አንድ ነገር በጭንቅላቴ መጣና ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ለካ እኔ በ10 ዓመቴ አምፖል ሥር ተቀምጬ 67820 ስሠራ ኖሬያለሁ! ክፍያዬም ምርቃት ነበር።

ይህን የማነሣው የአሜሪካን አሠራር ለማሞገስ አይደለም። እዚያም ሰው በሕክምና ሂሳብ ይማረራል። የኔ ነጥብ አንድ ነው። የተሠራው ሥራ በትክክለኛ ስሙ ካልተጻፈ ከፋዩ የከፈለበትን አያውቅም፣ ተቆጣጣሪው የሚያመሳክረው የለውም፣ ቀጣዩ ሐኪምም ከወረቀቱ የሚማረው አይኖርም።

ከአራቱ ጥያቄዎች አራተኛው ግን ቀረ። «ለምን ተሠራ?» ሲል መምህሩ ሦስቱን ደረሰኞች አገላብጦ አየ። በአንዳቸውም ላይ ምክንያት የለም። «ፀጉሩ ለምን ገባ? የዚህ ሰው ምርመራ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሳላስብ «በርበሬ ነው፣ ቲቸር» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቀም።

«በርበሬ ፀጉር ይቀለብሳል?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁና የኔን ጥፋት ልናዘዝ። በ2016 ዓ.ም አፓረንትሺፕ የወጣሁት አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። ሥራዬ ከተመላላሽ ታካሚዎች መዝገብ ምርመራውን እያነበብኩ ለወሩ ሪፖርት በየመደቡ መቁጠር ነው። የዐይን ሕመም ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ኮንጀንክቲቫይተስ፣ ማለትም የዐይን ሽፋን ብግነት ነበር። በአይሲዲ 10 ምደባ ኤች10 ነው። እኔም ኤች10፣ ኤች10 እያልኩ ስጭር እውል ነበር። አንድ ቀን አንድ መስመር ላይ ስደርስ የእናቴን ስም አየሁ። ሳትነግረኝ መጥታ ታክማ ሄዳለች። በሥራ ዓይነት ሥር «በርበሬ ቀንጣሽ»፣ በምርመራ ሥር «ኮንጀንክቲቫይተስ»፣ በመድኃኒት ሥር «ቴትራሳይክሊን ቅባት» ይላል። ጽሑፉ ስለሚነበብ ደስ አለኝ። ኤች10 ብዬ ጫርኩና ወደሚቀጥለው መስመር አለፍኩ።

ያ ፀጉር መቀልበስ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ኤች02.0 የሚባል የራሱ ቦታ አለው። የትራኮማ ጠባሳ ያመጣው ከሆነም ቢ94.0 የሚል፣ «ትራኮማ ጥሎት ያለፈው ጉዳት» የሚገባበት ቦታ አለ። ቆቧን በአውራ ጣቴ ገልብጬ በገዛ እጄ ፀጉሩን ስነቅል ያደግሁት እኔ ነኝ። ብዕር ስጨብጥ ግን አላየሁትም። ወረቀቱ የሚለውን አመንኩ፤ ጣቴ የሚያውቀውን ረሳሁ።

ከመምህሩ ጥያቄ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናቴ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናት፤ ስለዚህ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት አጽፈን ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ዐይን ክፍል ሄድን። ወረፋው ረጅም ነበር። ስንገባ ጠና ያለች የዐይን ነርስ ተቀበለችን።

«እማማ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«በርበሬ በረንዳ እቀነጥሳለሁ፣ ልጄ።»

«በርበሬ ነው» እስክትል ጠበቅሁ። አላለችም።

«እሁድም ይሠራሉ?»

«ኧረ እሁድማ ቤተ ክርስቲያን ነው የምውለው።»

«እሁድ ዐይንዎ ያርፋል?»

እናቴ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «አያርፍም» አለች።

«ሁለቱም ነው የሚያነባው?»

«ቀኙ ነው፣ ልጄ። ግራውስ ደኅና ነው።»

በርበሬ ሲያቃጥል ቀኝና ግራ አይመርጥም፤ ሲታጠብና ሲያርፍ ደግሞ ይለቃል። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ ግን «እሁድስ?» ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር።

ነርሷ የላይኛውን ቆብ ገልብጣ በባትሪ አየች። ጠራችኝና አሳየችኝ። ከውስጥ በኩል ነጫጭ ጠባሳ ተጋድሞበታል። «ልጅ ሆነው ዐይንዎን ታመው ነበር?» አለቻት። «ማዝ ነበረብኝ፤ ያኔ እኛ አገር ማን ያልነበረበት አለ?» አለች እናቴ፣ እንደ ተራ ነገር።

ማዝ ማለት ትራኮማ ነው። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሚባል ባክቴሪያ ያመጣዋል፤ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ደጋግሞ የያዘው ልጅ የቆቡ ውስጠኛ ክፍል ይጠባሳል። ጠባሳው ከዓመታት በኋላ እየተኮማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ፀጉሩም ይቀለበስና በእያንዳንዱ ርግብግቢት ኮርኒያውን ይፍቃል። ኮርኒያው ሲቆስልና ሲድን፣ ሲቆስልና ሲድን ነጭ ጠባሳ ይሆናል። መጨረሻው መታወር ነው። በ1998 ዓ.ም በአገራችን በተካሄደው ብሔራዊ የዐይን ጤና ጥናት የዐይነ ስውርነት መጠን 1.6 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከዚህም 11.5 በመቶው መንስኤ ይኸው የትራኮማ ጠባሳ ነበር። በዚያው ጥናት ከአዋቂዎች መካከል 3.1 በመቶ የሚሆኑት ፀጉራቸው የተቀለበሰ ነበር። እናቴ ቡሬን ትታ ወጣች እንጂ ቡሬ በዐይኗ ቆብ ውስጥ አብሯት መጥቷል።

ነርሷ ካርዱ ላይ ስትጽፍ «ግን እኮ አሁን ብዙ ፀጉር አይታይም፤ ባለፈው ሳምንት አስነቅላለች» አልኳት። መልሷ ለኛ ሙያ ትልቅ ትምህርት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አፈታት አንዲት የላይኛው ቆብ ፀጉር እንኳ የዐይን ብሌንን ከነካች፣ ወይም በቅርብ ጊዜ የተነቀለች የገባች ፀጉር ምልክት ከታየ፣ ይህ ራሱ ትራኪያሲስ ነው ይላል። «መንቀሉ በሽታውን አይደብቀውም፤ ማስረጃው ነው» አለችኝ። ሦስቱ ደረሰኞች ትዝ አሉኝ። በእያንዳንዳቸው ላይ «የተቀለበሰ ፀጉር ተነቀለ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ወረቀቱ ራሱ ምርመራውን ይናገር ነበር።

ለመንቀሉም ፍትሐዊ እንሁን። በአማራ ክልል ጥቂት ፀጉር ብቻ የገባባቸውን 1300 ሰዎች በሁለት ከፍሎ ቀዶ ጥገናንና መንቀልን ያነጻጸረ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አለ። ፀጉሩ ተመልሶ እንዳይገባ በመከላከል ቀዶ ጥገናው ይበልጣል፤ በእይታና በኮርኒያ ጉዳት ግን ሁለቱ የጎላ ልዩነት አልታየባቸውም። ይህ ግን በደኅና ወረንጦ፣ በሠለጠነ እጅና በክትትል ሲነቀል ነው። ስለዚህ የክሊኒኮቹም የኔም ጥፋት መንቀሉ አልነበረም። ጥፋቱ ምክንያቱ ሳይጻፍ መነቀሉ ነው። ስም የሌለው ነገር ክትትል የለውም።

የእናቴ ፀጉር ከጥቂት በላይ ስለሆነ ቀዶ ጥገና ተወሰነላት። ፈራች። «ዐይኔን ሊቆርጡኝ ነው?» አለች። ነርሷ «ዐይንዎን አንነካም፣ እማማ፤ ቆቡን ብቻ አደንዝዘን ወደ ውጭ እንመልሰዋለን» ብላ አረጋጋቻት። ገብታ እስክትወጣ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ዐይኗ ተሸፍኖ ወጣች፤ በማግስቱ ተከፈተ፤ ከሳምንት በኋላ ክሩ ወጣ።

አሁን ሂሳቡን ስሙ። ካሸሩ ዘንድ የሄደው ወረቀት «የትራኮማ ትራኪያሲስ፣ ቀኝ ዐይን፣ ላይኛ ቆብ፣ የቆብ ማስተካከያ ቀዶ ጥገና» ይላል። አራቱም ጥያቄዎች ተመልሰዋል። የመድን መታወቂያዋና ሪፈሩ ተያይዞ ለመድኑ የሚቀርበው መጠየቂያ ተሞላ። እኛ ከኪሳችን ያወጣነው ታክሲና ከውጭ የገዛነው አንድ ጠብታ ብቻ ነው። በየሁለት ወሩ ለ«ፕሮሲጀር» እና ለ«ማይነር ኦፕሬሽን» ስትከፍለው የኖረችው ገንዘብ ግን ስንት ጆንያ በርበሬ ቀንጥሳ ያገኘችው እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።

የጤና መድን ነገር ለኛ ትውልድ ሥራ ይዞ መጥቷል። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ፣ ማኅበረሰብ አቀፉ መድን ደግሞ በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ሙከራ ከተጀመረ ወዲህ ከታካሚውና ከካሸሩ መካከል ሦስተኛ ሰው ገብቷል። ያ ሦስተኛ ሰው ታካሚውን አያውቀውም፣ ዐይኑን አላየውም። የሚያየው እኛ የጻፍነውን ብቻ ነው። «ፕሮሲጀር» ብለን ከላክን ወይ አይከፍልም፣ ወይ ያልተሠራውን ይከፍላል።

ከገንዘቡ ይልቅ እስከ አሁን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አካባቢ ትራኮማን እንደ ኅብረተሰብ ጤና ችግር አስወግዷል ለማለት ከሚጠይቃቸው መለኪያዎች አንዱ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዎች መካከል «ለጤና ሥርዓቱ ያልታወቀ» ትራኪያሲስ ያለባቸው ከ0.2 በመቶ በታች መሆናቸው ነው። ይህን ስማር «ያልታወቀ» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት። ሐኪም ቤት ሄዶ የማያውቅ፣ በሩቅ ገጠር ያለ ሰው ማለት ይመስለኝ ነበር። እናቴ ግን ሃያ ዓመት ስትመላለስ ኖራለች። ካርድ ነበራት፣ ደረሰኝ ነበራት፣ የጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ስሟ ነበር፤ በልጇ እጅ ተቆጥራለች። ለጤና ሥርዓቱ ግን አትታወቅም ነበር። የማትታወቀው ስላልመጣች አልነበረም። በተሳሳተ መደብ ስለተቆጠረች ነው።

እና ምን እናድርግ? ትልቅ ነገር አልጠይቅም። አንደኛ፣ ኮደር ምርመራ አይለውጥም፤ ይህን ተምረናል። እኔ ያን ቀን መዝገቡ ላይ ኤች10ን ፍቄ ኤች02.0 ብጽፍ ሌላ ጥፋት ነበር። ኮደር ግን ይጠይቃል። መዝገቡን ይዤ ወደ ክፍሉ ሄጄ «ይህች ሴት በተደጋጋሚ ትመጣለች፤ ቆቧ ተገልብጦ ታይቷል ወይ?» ማለት እችል ነበር፤ ማለትም ነበረብኝ። ሁለተኛ፣ የሥራ ዓይነት ምርመራ አይደለም። «በርበሬ ቀንጣሽ» የሚለው በሥራ ዓይነት ቦታው ላይ ይቀመጥ፤ ወደ ምርመራው ቦታ እየተንሸራተተ አይግባ። በርበሬ በረንዳ ውስጥ ዐይኑ የተቃጠለ ሰው የለም ማለቴ አይደለም፤ ሞልቷል። ገለባ የገባበት ተሸካሚም አለ። ለዚያም ነው እያንዳንዱ በየስሙ መጻፍ ያለበት። ሦስተኛ፣ ነገ የዋጋ ዝርዝር በማዘጋጀት ሥራ ላይ የምትመደቡ «ማይነር ኦፕሬሽን» በሚል አንድ መስመር ሁሉንም አታጭቁ። መንቀል መንቀል ይባል፣ ማውጣት ማውጣት ይባል፤ ቀኝና ግራ፣ ላይና ታች ይጻፍ።

እናቴ አሁንም በርበሬ ትቀነጥሳለች፤ «ተይ» ብላት አልሰማ አለች። ነርሷ ፀጉሩ ተመልሶ ሊገባ እንደሚችል ስለነገረቻት በቀጠሮዋ ትሄዳለች። ወረንጦዋን ግን ከማተቧ ፈታ ቆርቆሮው ውስጥ ከደረሰኞቹ ጋር አስቀምጣታለች። ባለፈው ልጠይቃት በረንዳው ድረስ ሄጄ ነበር። እያስነጠስኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጎኗ ያለችው ሴትዮ ግራ ዐይኗን በሻሿ ትጠርጋለች። ግራውን ብቻ።

እናቴ ቀና ብላ አየቻትና ከኔ ቀደመች።

«አንቺ፣ እሁድስ ያርፍልሻል?»

ሴትዮዋ መቀንጠሷን አቆመች።

የሪፈር ወረቀቱን አብሬያት ሄጄ አስጻፍኩ። በምርመራው ቦታ ላይ ምን እንደተጻፈም አነበብኩ።